በሬዲዮው ክዳን ውስጥ

ጥቅምት 3
ዛሬም ያው። ለጥገና የመጣ ሁለት ሬዲዮ፣ አንድ ቴሌቪዥን። ከሱቃችን መጋረጃ ጀርባ እኔ እበይዳለሁ፣ አባዬ ከፊት ከደንበኛ ጋር ይጫወታል። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሁለት ዓመቱ። ይህንንም፣ የምጠግነው እኔ መሆኔንም ማንም አያውቅም። "እጅህ ይባረክ!" ሲሉት አሜን ይላል። እኔስ? አቧራ እየዋጥኩ እቀራለሁ።
ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ብቅ ብላ፣ "አንቺ፣ ከሬዲዮ ጋር ተጋብተሽ ልትቀሪ ነው?" አለችኝ። ሳቅኩላት። ወደ ብየዳዬም ተመለስኩ።

ጥቅምት 5
ካመለከትኩበት ቦታ ደብዳቤ መጣ። የሆስፒታል መሣሪያ ጥገና፣ ሌላ ከተማ። ሥራው የኔ ነው! እስከ 15 መልስ ስጪ ይላል። መሳቢያ ውስጥ ደበቅኩት። እኔ ከሄድኩ ማን ይበይዳል? አያቴ የከፈተው፣ አባዬ ዕድሜውን የጨረሰበት ሱቅ... በኔ ይዘጋ?

ጥቅምት 9
ልነግረው አፌን ከፈትኩ።
"ምን ሆንሽ?"
"የመበየጃው ስታኞ አልቋል።"
ወይ እኔ! ፈሪ።

ጥቅምት 12
የሰፈራችን ሰው፣ አንድ ጡረተኛ አስተማሪ፣ አሮጌ የእንጨት ሬዲዮ አመጣ። አያቴም አባዬም ጠግነውታል። የቤታችን ደንብ ነው፤ የጠገነ ሰው ክዳኑ ውስጥ ቀኑንና ስሙን በእርሳስ ይጽፋል። "ሰው በሥራው ይፈርም" ይል ነበር አያቴ። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ የምጽፈው የአባዬን ስም ነው።
ከፈትኩት። ከላይ አያቴ። ከስሩ አባዬ፣ የዛሬ ሠላሳ አራት ዓመት፦ "የመጨረሻዬ። ሰኞ እሄዳለሁ።"
የት ሊሄድ ነበር? ደጋግሜ አነበብኩት። አለቀስኩ። ተናደድኩም።

ጥቅምት 14
መናገሩ አልሆነልኝማ። ክዳኑን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ ተውኩለት፣ ደብዳቤውን አጠገቡ። ሁለቱንም አነበበ።
"አባቴ ታመመ። እስኪሻለው ብዬ..."
ደብዳቤውን አጥፎ መለሰልኝ።

ጥቅምት 15
ጠዋት እርሳስ ቀርጾ ጠበቀኝ። አስተማሪውም ሬዲዮውን ሊወስድ ቆሟል።
"ጻፊ። የራስሽን ስም።"
"አባዬ... ሱቁስ?"
"እሱን ለኔ ተይው። እኔ ሰኞ ብዬ ነው የቀረሁት። አንቺ ዛሬ በይ።"
ስሜን ጻፍኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከስሩ፦ "የመጨረሻዬ። ዛሬ እሄዳለሁ።" ሆስፒታሉ ደወልኩና እመጣለሁ አልኳቸው። ከሰዓት አውቶቡስ አለ።
ክዳኑን ልገጥም ስል ካቻቢቴውን ከእጄ ወሰደ። አራቱን ብሎን ራሱ አጠበቀ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ አስተማሪው እያየ። ብዙ ጊዜ ወሰደበት።
አላገዝኩትም።