አውድማው ላይ የተከልኩት ችካል

ሰኞ፣ ጥቅምት 24፤ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል። አርብ ገበያ።

ዛሬም ጉም። የመቀየሻ መነጽሩን፣ ቲዎዶላይቱን፣ ካቆምኩ ሰዓት አለፈ፤ ከአፍንጫዬ ወዲያ የሚታይ ነገር የለም። ሾፌሩ በየነ መኪናው ውስጥ ያንኮራፋል። እኔ ገደል አፋፍ ላይ ቆሜ ጣቴን በትንፋሼ አሞቃለሁ። ለምን ሥራ? ለጎልፍ ሜዳ። አዎ ማስታወሻዬ፣ በጤናዬ ነው የምጽፍልህ። ጎልፍ። በታች ጋይንት።

አ.አ. ያለው የመ/ቤታችን ኃላፊ አንድ የውጭ አገር መጽሔት ላይ ፎቶ አየ። ገደል፣ ከገደሉ ጫፍ ላይ አረንጓዴ ሣር፣ ነጭ ሱሪ የለበሱ ሰዎች። ወዲያው ስብሰባ ጠራ። ወደ ላሊበላ የሚሄድ ቱሪስት በጋይንት ያልፋል፤ ጋይንት ገደል አለው፤ ስለዚህ የውጭ ምንዛሪ። ተጨበጨበ፣ ጸደቀ። ራስ ሳይጠና ጉተና የሚል አንድ ሰው አልተገኘም። እኔም አላልኩም።

ለምን እኔ? ይህን ሳስብ ደሜ ይፈላል። በንጉሡ ጊዜ አ.አ. ውስጥ ፈረንጆች የጎልፍ ሜዳ ሲያሰፉ የቀያሾቹ የመለኪያ ሰንሰለት ጎታች ነበርኩ። አምና በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ይኸው ተነስቶብኝ፣ የአድኃሪያን መዝናኛ አገልጋይ ተብዬ፣ ሰው ፊት ቆሜ ተናዝዣለሁ። የከሰሰኝ ይኸው ኃላፊ ነው። ዘንድሮ ደግሞ «ልምድ ያለው ቀያሽ» አለኝ። ኃጢአቴ ሳይሰረይልኝ ሙያ ሆነ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27፤ ከሰዓት።

ጉሙ ተገፈፈ። ምን ልበልህ። ከእግሬ ሥር መሬቱ ያልቃል፤ ከዚያ በታች የበሽሎ ወንዝ እንደ ክር ይታያል። አፋፉ እንደ እጅ ጣት እየወጣ እየገባ ይሄዳል፤ በጣቶቹ መካከል ገደል። ከአንዱ ጣት ኳስ ተመትቶ፣ በገደሉ ላይ አልፎ ሌላው ጣት ላይ ያርፋል። ሦስተኛው ጉድጓድ እዚያ። ቦታው ለዐሥራ ስምንት ጉድጓድ አይበቃም፤ ለዘጠኝ ይበቃል። ራሴን ሳላውቅ እስከ 11 ሰዓት ነደፍኩ። ምሳ ረሳሁ። ይህን ሥራ መውደዴ አናደደኝ።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ሞላ መጣ። ቀጭን፣ ጠንቃቃ ሰው። ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ትንሽ ኳስ በዱላ መትቶ ጉድጓድ ማስገባት ነው አልኩት። ገና ጨዋታ ነዋ፣ አለ ደስ ብሎት። ገና አይደለም፣ ቡድን የለውም፣ እያንዳንዱ የራሱን ኳስ ነው የሚመታው ስለው ፊቱ ተለወጠ። «ታዲያ ማንን ነው የሚረቱት?» አለኝ።  ሣሩንስ ከብት ይበላዋል ወይ አለ። አይ፣ እየታጨደ ይጣላል አልኩ። 

ረቡዕ፣ ኅዳር 3።

ዕድል! ከአፋፉ ዳር ስድስት ቦታ ክብ፣ ድልድል ያለ፣ ድንጋይ ያልነካው መሬት አገኘሁ። ልስላሴው የሚገርም። ጉድጓዱ ዙሪያ ሣር ተላጭቶ የሚተኛበትን ቦታ ፈረንጆቹ ግሪን ይሉታል፤ እሱን ለመደልደል ድሮ በሮለር ወር ይፈጅብን ነበር። እዚህ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። አጭር ሣር እንኳ በቅሎበታል። በየዙሪያው ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተከልኩ።

አውድማ መሆኑን ዐውቄያለሁ። የእስቴ ልጅ ነኝ፣ እንዴት አላውቅም። ግን አሁን ባዶ ነው። ሰው የለበትም፣ ከብት የለበትም። አውድማ የትም ይዘጋጃል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9።

ሪፖርቱን ጨረስኩ። «የቦታው ወቅታዊ አገልግሎት» በሚለው ሥር «የለም» ብዬ ጻፍኩ። «ጉድለት» በሚለው ሥር፦ ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ነፋስ ከገደሉ ይነሳል፣ ኳስ ያስታል፤ በአፋፉ ዳር ባሕር ዛፍ ቢተከል ይገታል። ጥሩ ሪፖርት ነው። ነገ ከበየነ ጋር ወደ ንፋስ መውጫ፤ ፕላኑን እዚያ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብዬ እስላለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 26። አርብ ገበያ።

ከን/መውጫ ተመለስኩ። በሪፖርቴ ላይ ተመሥርቶ የወጣው የመ/ቤታችን ደብዳቤ ቀድሞኝ ደርሷል። ገበያው መሐል ጓድ ሞላ ጉቶ ላይ ወጥቶ ያነባል፦ በችካል በተከለለው የመንግሥት ቦታ የገባ ሰውም ሆነ እንስሳ በፀረ አብዮተኛነት ይጠየቃል። ማኅተሙን ከፍ አድርጎ አሳየ።  አንዲት ሴትዮ ጨው መመዘኗን አቁማ ወደኔ አየች። ዐይኔን ወደ አህዮቹ አዞርኩ።

ለገደል ጫፍ ፀረ አብዮት! ማን ነው ይህን የሚያረቅቀው?

በመንገድ ስመጣ እህሉ ታጭዶ ተከምሯል። በየክምሩ አጠገብ የእኔ ቀይ ችካል።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2፤ ረፋድ።

ዛሬ የደረሰብኝን ጽፌ ካልወጣልኝ አንቆ ይገድለኛል።

አራተኛው ግሪን ላይ ቆሜ ስለካ አንድ ሽማግሌ መጡ። አያ ድረስ ይባላሉ። የአውድማው ባለቤት፤ ከሌሎች ዐሥር አባወራዎች ጋር ተራ ገብተው ይወቁበታል። በረባሶአቸውን ከችካሉ ውጭ አውልቀው፣ ባዶ እግራቸውን ዳር ላይ ቆሙ። እኔ መሐሉ ላይ በቡትስ።

«ጌታው፣ እህሌ ከተከመረ ሰነበተ። አውድማዬ ላይ እንጨት ተተከለ፤ እንጨቱም የመንግሥት ነው ተባልኩ። እኔ ከመንግሥት ጋር ነገር የለኝም። መቼ እንደሚነሳ ቢነግሩኝ ብዬ ነው።»

ታች ሜዳው ላይ ለምን አይወቁም አልኳቸው። ይህን አፌ ነው ያለው።

«ታች መሬቱ መረሬ ነው፣ ስንጥቁ ጤፉን ይውጠዋል። ነፋስም የለው። ነፋስ ያልነካው ምርት ከገለባው አይለይ። አባቴም አያቴም እዚህ አፋፍ ላይ የወቁት ዕይታው አምሯቸው አይደለም።»

ከዚያ የት አገር ሰው እንደሆንኩ ጠየቁኝ። እስቴ አልኩ። የገበሬ ልጅ ነህ አሉኝ። አዎ። እርስዎ ማለቱን ተዉት። «ታዲያ አባትህ የት ይወቃ ነበር፣ ልጄ?»

ተረተር ላይ ነበር የሚወቃው። መካነ ኢየሱስን ቁልቁል የሚያይ ተረተር። በጫማ አውድማው ገብቼ በእህል መዝሪያው በላይዳ እጀታ ቂጤን ተመትቻለሁ።  ሥራ አለብኝ አልኩ። ሥራ!

እና ማስታወሻዬ፣ ነፋሱን ጉድለት ብዬ ጽፌዋለሁ። ዛፍ ተክላችሁ ግቱት ብያለሁ። ማንም አላስገደደኝም። ኃላፊውን ስሰድብ ወር ሙሉ ከረምኩ፤ ሰዎቹን እህላቸው ፊት ያስቆመው ግን የእኔ እርሳስ ነው።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 3።

በበሽሎ በኩል ዳመና። በታኅሣሥ! ጠቆር ያለ። አምና በዚህ አገር አዝመራው ከሽፏል፤ ዘንድሮ ያለው እዚያ ክምር ውስጥ ነው። ዝናብ ከገባበት ይሻግታል። ሁሉም ሰማይ ያያል፤ ከዚያ ችካሉን ያያል። በጣቱ የሚነካው ግን የለም። ድሮ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይባል ነበር። ንጉሡ ወረደ፤ በቦታው የእኔ ችካል ተተከለ።

ጓድ ሞላ ጋ ሄድኩ። ይወቁ፣ እኔ ፈቅጃለሁ አልኩት። አይሆንም አለ። የራሱ ክምር እኮ እዚያው አለ! ፈሪ አልኩት። አልተቆጣም። «እኔ ፊደል የቆጠርኩ በመሠረተ ትምህርት ነው። በወረቀት የመጣን ነገር በወረቀት ነው የሚያነሱት። አፍማ ሁላችንም አለን» አለኝ። አፈርኩ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4። ን/መውጫ።

ስልክ ለመደወል መጣሁ። ሁለት ሰዓት ወረፋ፣ ከዚያ ሦስት ደቂቃ ጩኸት። ለኃላፊው ስድስቱም አውድማዎች ሥራ ላይ ናቸው፣ ሪፖርቴ ስሕተት ነው አልኩት። ባዶ ነው ብለህ የፈረምከው አንተ አይደለህም ወይ አለኝ። ነኝ። እንግዲያው ባዶ ነው አለ። ሐሙስ ከፎቶ አንሺ ጋር ይመጣል። ክምሩ ዕይታ ስለሚጋርድ እስከዚያ ይነሳ። የት ይሂድ ስለው መስመሩ ተቋረጠ። ተቋረጠ ወይስ ዘጋው፣ እንጃ።

ዕይታ ይጋርዳል። የሰው ዓመት ቀለብ ዕይታ ይጋርዳል!

 ተመልሰን አርብ ገበያ ስንገባ በየነ፣ ጌታዬ ወረቀትማ እርስዎም ጋ አለ አለኝ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6፤ ጠዋት 1 ሰዓት።

ጻፍኩ። በመ/ቤቱ ወረቀት፣ በቀያሽ ማኅተም፦ «ለግሪኑ ጥንካሬ ሲባል ስድስቱም ክብ ቦታዎች ተጠርገው፣ በእበት ተለቅልቀው፣ በበሬ በሚገባ እንዲረገጡ፤ ሥራውም የአካባቢው ገበሬዎች ሰብላቸውን በመውቃት እንዲያከናውኑት፤ አስቸኳይ።» ጓድ ሞላ ሁለት ጊዜ አነበበው። በሦስተኛው ከንፈሩ ዳር ፈገግታ መጣ፤ ቶሎ ዋጠው። አጥፎ ኪሱ አስገባ።

ከዚያ ችካሉን እኔው ነቀልኩ። ሌላ ሰው እንዳይነካ አልኩ። ስድስቱንም ዞሬ፣ አንድ በአንድ፣ ተሸክሜ መኪናው ውስጥ ጣልኩ። እጄ ቀይ ቀለም ብቻ።

ግን አልረካሁም፣ ተናድጃለሁ። ገበሬ የገዛ እህሉን እንዲወቃ የጎልፍ ውሸት ያስፈልገው? እውነቱን ብጽፍ ማንም አይቀበለውም፤ ውሸቱን ግን በማኅተም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8።

ከንጋት ጀምሮ እያበራዩ ነው። በሬዎቹ ይዞራሉ፣ ሰዉ በዜማ ይነዳቸዋል። ዳመናው ከትናንት ቀርቧል። ጓድ ሞላ ራሱ በመንሽ ያገላብጣል። ልረዳ ፈልጌ ቡትሴን አውልቄ ገባሁ፤ አያ ድረስ መንሽ ሰጡኝ፣ ጥቂት ቆይተው መልሰው ተቀበሉኝ። እጅህ ሥራውን ረስቷል አሉኝ። እውነት ነው።

ነገ ምርቱ በላይዳ ይዘራል፣ ነፋሱ ከመጣ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9፤ 10 ሰዓት ከሩብ። መኪና ውስጥ።

በችኮላ ነው።

ኃላፊው 8 ሰዓት ላይ ደረሰ። አዲስ ካኪ፣ ፎቶ አንሺ፣ መጽሔቱ በእጁ። አራተኛው ግሪን ላይ የጤፍ ቁልል፣ ገለባ፣ በሬ፣ ሰው። ሁሉንም ዞሮ አየ። ከዚያ ማን ፈቀደ ብሎ ጮኸ። ጓድ ሞላ ወረቀቴን ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጠው። አነበበ። ፊቱ ደም መሰለ። በሬ ለጎልፍ? አለኝ። ለጎልፍ አይደለም ጓድ፣ አውድማ ነው፤ ድሮም አውድማ ነበር፣ እኔ ነኝ ዋሽቼ የጻፍኩት አልኩ። ሰው ሁሉ እየሰማ። አምና ግለ ሂስ ስናዘዝ እንዲህ አልቀለለኝም።

ሥራ ይቁም ብሎ አዘዘ። በዚያው ቅጽበት ከገደሉ ነፋሱ ተነሳ። አያ ድረስ ላይዳቸውን አነሱ። «ይቅርታዎን ጌታው፣ ነፋሱ ዛሬ ነው» አሉ፤ ወደ ላይ ዘሩ። ሌሎቹም። ገለባው በኃላፊው ካኪ ላይ፣ በፎቶ አንሺው መነጽር ላይ፣ በመጽሔቱ ላይ። ፍሬው እግራቸው ሥር። ማንም አልጠበቀንም።

አሁን ኃላፊው ሌላኛው መኪና ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ሁለት መንገድ ሰጠኝ። አንደኛ፦ ችካሉን የነቀሉት ሊቀመንበሩና ሽማግሌው ናቸው፣ ደብዳቤውንም አስገድደው አስጻፉኝ ብዬ ልፈርም፤ ከእሱ ጋር አ.አ. እመለሳለሁ፣ ሥራዬም ይቆያል። ሁለተኛውን አልነገረኝም። ን/መውጫ ያሉት ሰዎች ይነግሩሃል አለ።

ሦስት ልጆች አሉኝ። ይህን መጻፍ ነበረብኝ። ለአንተም፣ ለራሴም። ፈርቻለሁ።

በመስኮቱ አያለሁ። አራተኛው ላይ ጨርሰዋል፤ ወደ አምስተኛው እየተሻገሩ ነው። ለስድስተኛው ብርሃን ይበቃቸዋል። ዳመናው ገና በሽሎ ማዶ ነው። ኃላፊው ከእኔ ጋር እስከተጨቃጨቀ ድረስ ወደነሱ አይሄድም።

የኃላፊው ሾፌር ክላክስ ነፋ። ይጠሩኛል።

ጽፌ ፈርሜያለሁ፦ ችካሉን የተከልኩት እኔ፣ የነቀልኩትም እኔ። ሌላ ስም የለበትም። ግን ቶሎ አልሰጠውም። በመጀመሪያ ፕላኑን ዘርግቼ ዘጠኙንም ጉድጓድ አንድ በአንድ አስረዳዋለሁ፣ ቀስ ብዬ፣ ከአንደኛው ጀምሬ፣ እነሱ ስድስተኛውን እስኪጨርሱ።