አርባ አንድ ደቂቃ

ለእናት ምትኬ ለእትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን ልጠይቅ። ያ የሚያሰቃይሽ ጉልበትሽ ለቀቀሽ ወይ? አባባስ ሳሉ ቀለል አላቸው? ልጆቹ ቁመታቸው በር ሞላ አሉ፤ እሰይ። እኔና ባለቤቴ በአካል ደህና ነን። ልቤን ግን አትጠይቂኝ፤ ፈርቻለሁ።

ያለሁት ባለቤቴ ልብስ የምትሰፋበት ሕንፃ ደረጃ ላይ ነው። የዕረፍት ቀን ስለሆነ ከዘበኛው በቀር ሰው የለም። ባለፈው ወር እዚህ በየፎቁ በር አናት ላይ በባትሪ የሚሠሩ የአደጋ ጊዜ መብራቶች ገጥሜ ነበር። መብራት ሲሄድ በራሳቸው ይበራሉ። ደረጃው መስኮት የለውም፤ ያለነሱ የገዛ እጅ አይታይም። እንደ ደንቡ ዋናውን ማብሪያ ዘግቶ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ መቆየታቸውን ማየት ያስፈልጋል። አለቃዬ ግን ገና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ፣ ስልሳ ሴት እጇን አጣጥፋ አንተን ትጠብቅ እንዴ፣ ሦስት ሰዓት ቆየ ብለህ ፈርም አለኝ። ፈረምኩ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ባለቤቴ ደግሞ ለሥራ ጓደኞቿ ሁሉ፣ ጢስ ቢነሳ እንኳ አትጋፉ፣ የባሌ መብራት አለ እያለች ትኩራራብኛለች። እሷ በተኩራራች ቁጥር እኔ ወሬ አስቀይራለሁ።

ዛሬ ዘበኛውን ዕቃ ረስቻለሁ ብዬ ዋሽቼው ገባሁ። ልክ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዋናውን ማብሪያ ዘግቼ አራተኛ ፎቅ፣ የስፌት ክፍሉ በር ሥር ተቀመጥኩ። አምፖል እያየሁ ከማብድ ላንቺ ልጻፍ ብዬ ነው። ሙያውን ስጀምር፣ ኤሌክትሪክ ዘመድ አያውቅም፣ ፍራው ስትዪኝ እስቅብሽ ነበር። ብዕሩን ፍራ ያለኝ ግን አልነበረም።

እትዬ፣ እዚህ ላይ ስደርስ መብራቱ ደበዘዘ፤ ከዚያ ድርግም አለ። አርባ አንድ ደቂቃ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኼ ነው። ግድግዳ እየዳበስኩ ሦስተኛ ፎቅ ወርጄ አሁን የምጽፍልሽ በዚህኛው መብራት ነው። ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለምጽፍ ጽሑፌ ቢያስቸግርሽ አትፍረጂብኝ። ደረጃውን አንድ በአንድ የማውቀው እኔ እንኳ ሁለቴ እግሬ ስቶኝ ልወድቅ ነበር። ስልሳ ሴት በጢስ ውስጥ ስትወርድ ታየችኝ፤ ከመሃላቸው አንዷ፣ አትጋፉ፣ የባሌ መብራት አለ ትላለች።

አለቃዬ ያባርረኛል፤ እፈራለሁ። ከሱ የበለጠ የምፈራው ግን የባለቤቴን ፊት ነው። ቢሆንም ዛሬውኑ እነግራታለሁ። ነገ ደግሞ አንዲት ሴት ሳትገባ የፈረምኩትን ወረቀት አስወጥቼ፣ አርባ አንድ ብዬ በእጄ እጽፍበታለሁ። ጸልዪልኝ።

አባባን እጅ ንሺልኝ፤ ስለዚህ ነገር ግን አትንገሪያቸው። ትልቋን ልጅሽን በትምህርትሽ በርቺ ብሎሻል በያት፤ ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ። ያን ቀልደኛ ባልሽን ቀልዱ እንደናፈቀኝ ንገሪው።

ወንድምሽ
ከሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ፤ አይ፣ እሱም ጠፋ፣ ከሁለተኛ ፎቅ
እሑድ፣ ኅዳር 14፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት