የቆመች መኪና ጎማ

ለምወድሽ ልጄ፣

ካለሽበት ድረስ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔም እናትሽም፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለን።

ስለዚያች አልጋና ምድጃ ስላላት መኪናችን ጠይቀሽኛል። በእሷ መጓዝ ከተውን ወዲህ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ጎማዎቿን መሸፈን ይጠቅም እንደሆነ ጎሚስታውን ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ፀሐይ ጎማ ትሰነጥቃለች፤ ሸራ ያልብሱት፣ ይጠቅማል» አለኝ። «ግን ሸራ ብቻውን አያድነውም። አንድ ቦታ የከረመ ጎማ መሬት በነካው በኩል ይጎዳል፤ ትንሽ ትንሽ ያንቀሳቅሷት።»

አርባ ዓመት መሪ ጨብጬ ይህን አለማወቄ! የእኔ መኪና መቼ ቆማ ታውቅና!

ሸራውን ራሴ ቆርጬ ሰፋሁት። ድሮ መርፌ የእናትሽ ነበር፤ የእኔ ስፌት እንደ ሰካራም መንገድ ይጣመማል። ወስጄ ባሳያት በዓይኗ ሳቀችብኝ። መኪናዋን በየሳምንቱ አንድ ክንድ ያህል ወደፊት እወስዳታለሁ። እናትሽን ደግሞ አልጋዋ ላይ በየሁለት ሰዓቱ ጎን አስቀይራታለሁ፤ ሥራ ፈታ እንዳትዪኝ። ስትደውዪ «ተኝታለች» የምልሽም እውነቴን ነው።

ከሸራው የተረፈውን አልጣልኩትም፤ የእናትሽን ተሽከርካሪ ወንበር ጎማዎች ሸፈንኩበት። ወንበሩ ያለበት ኮሪደር ፀሐይ አይገባውም፤ ቢሆንም ሸፈንኩት።

ለዘመድ ወዳጅ ሁሉ ሰላም በዪልኝ። አንቺም ፈቃድ ከሰጡሽ መጥተሽ መኪናዋን አንዴ ንጂልኝ፤ አትዘግዪ። ጎሚስታው ስወጣ ጠርቶኝ፣ «ቢሸፈንም ዕድሜው የተቆጠረ ነው» ብሎኛል።

ናፋቂሽ አባትሽ