የተከረከመው ሰማያዊ መረብ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

«ውድ» ያልኩህ ከልማድ ነው። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህ፤ ደብዳቤ በሌላ ቃል መጀመር አላስተማርከኝም።

እማዬ ሥዕልህን ሳሎኗ ውስጥ፣ ከአባባ ፎቶግራፍ ጎን የሰቀለችበት ቀን ትዝ ይልሃል? ጥናትህ ከወጣበት የሳይንስ መጽሔት ሽፋን ላይ አሳድገህ ያሳተምከውን ማለቴ ነው፤ ግራጫ ፕሮቲን፣ መሐሉ ላይ ቢጫ መድኃኒት፣ መድኃኒቱን ጥብቅ አድርጎ ያቀፈ ሰማያዊ መረብ። «መረቡ ምንድን ነው?» አለችህ። «ኤሌክትሮኖቹ ያሉበት ነው፣ እማዬ። የፕሮቲኑን ክሪስታል በኤክስሬይ መትተን ያገኘነው። መረብ ካለ፣ እዚያ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው» አልካት። ደስታዋን መደበቅ አቃታት። እኔም ከእሷ አላነስኩም።

ያንን ሥዕል አምኜ ነው ወጣትነቴን ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ የጨረስኩት። መድኃኒቱ ፕሮቲኑን የተሻለ እንዲይዝ አንዱን ጫፉን ሳስረዝም፣ ሌላውን ሳሳጥር ኖርኩ። አንዱም አልሠራም። ጓንቴን አውልቄ፣ ገና ውኃቸው ያልደረቀ ብልቃጦች መሐል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ለማንም ሳልናገር ለአንተ ደወልኩ። ምን አልከኝ? «ሥዕሉማ ቁልጭ ያለ ነው፣ እህትዬ። ምናልባት እጅሽ ይሆናል።»

እጄ! ይህንኑ ለአለቃዬም ነገርከው። ሥራዬን ለሌላ ሰጥቶ እኔን ዕቃ ግምጃ ቤት ወረወረኝ።

ግምጃ ቤት ሥራ አይበዛም። ለሕዝብ ክፍት ከሆነው ማኅደር የራስህን ልኬት አውርጄ የኤሌክትሮኑን ካርታ ከፈትኩት። ልኬቱ ራሱ ያሳየው እንደሆነ ለማወቅ መድኃኒቱን ከስሌቱ አውጥቼ፣ መረቡ የሚሣልበትን የምልክት ጥንካሬ ደረጃ ሁሉም በሚጠቀምበት ልክ አድርጌ አየሁ። ፕሮቲኑ ጥርት ብሎ ወጣ። የመድኃኒቱ ቦታ ላይ ግን ከጥቂት ውኃ በቀር ምንም የለም። ደረጃውን እንዳንተ ዝቅ ዝቅ ሳደርገው ደግሞ ሁሉም ቦታ ትርጉም በሌለው ሰማያዊ ብናኝ ተሞላ። አንተ ከብናኙ ውስጥ የመድኃኒቱን ዙሪያ ብቻ ተከትለህ ከርክመህ አስቀረህ፣ የተረፈውን ደበቅክ። ከየትኛውም ብጫቂ ጨርቅ ላይ የሰው ቅርጽ ቆርጦ ሰው አገኘሁ እንደማለት ነው። ከሥዕሉ ሥር ስለ ደረጃውም፣ ስለ መከርከሙም አንድ ቃል አልጻፍክም።

ስደውልልህ ሳቅክ። «ለዓይን እንዲያምር ብዬ ነው። ማን የማያደርግ አለ? ልኬቱን እንደሆነ አልደበቅኩም፣ እዚያው አለ።»

እውነትህን ነው፣ እዚያው አለ። ወንድሟን የምታምን እህት ግን ልኬት ፍለጋ አትሄድም፤ ሥዕሉን ታያለች። ሰው ይሳሳታል፣ ብትሳሳት ኖሮ ይቅር እልህ ነበር። አንተ ግን ስትከረክምም ታውቅ ነበር፣ እጄን ስትወቅስም ታውቅ ነበር። አንጀቴን የሚያሳርረው ይሄ ነው።

ያልተከረከመውን ሠርቻለሁ፤ በዚያው ማዕዘን፣ በዚያው ቀለም፣ ደረጃው ከሥሩ ተጽፎ። ከሰው እንዳትሰማ ራሴ ልንገርህ፦ ለመጽሔቱ አዘጋጅ ትናንት ልኬዋለሁ። አንድ ቅጂ ደግሞ ለእማዬ ወሰድኩላት። መነጽሯን አድርጋ ሁለቱን እያፈራረቀች አየቻቸው።

«የወንድምሽ ይበልጥ ያምራል» አለች። ቀጥላም፣ «የዚህኛው መሐሉ ምነው ባዶ ሆነ?»

«እሱ ሲመጣ ይንገርሽ» አልኳት።

ያንተን አላወረድነውም። የኔን ከጎኑ ሰቅላዋለች፣ ሁልጊዜ ከምትቀመጥበት ወንበር ትይዩ። እሁድ ስትመጣ ገና ጫማህን ሳታወልቅ ትጠይቅሃለች። ለእሷም «ለዓይን እንዲያምር ነው» በላት።

እጇ ምንም ያልሆነው እህትህ