በአንድ እጅ የሚፈታ ቀበቶ

ደብረ ታቦር፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአሚን ይማም፣ ጅቡቲ

አሰላሙ አለይኩም ልጄ። ይህን ወረቀት የምታነበው ከባሕሩ ወጥተህ፣ እህል ቀምሰህ ይሁን። ሾፌሩ ፈንታሁን ዕቃውን ሰጥቶህ ብቻ እንዳይሄድ፣ አጠገብህ እንዲቀመጥ አደራ ብዬዋለሁ። አታባርረው።

የላክሁልህ የጠየቅኸውን ቀበቶ ነው። ዓሣ ልትወጋ ትንፋሽህን ይዘህ ስትጠልቅ የናይለን ቀበቶህ እየላላ፣ ወደ ታች እንዲያወርድህ የምትታጠቀው እርሳስ ወደ ደረትህ እየተንሸራተተ አስቸገረኝ ብለህ የደወልህ ዕለት፣ አባትህ ሱቁን ዘግቶ ጎማ ሲያገላብጥ ዋለ። ለዒድ እንኳ ስንት ተለምኖ ሱቅ የሚዘጋ ሰው ነው።

መጀመሪያ የከባድ መኪና የውጭ ጎማ ቆረጠ። ሆድ ሲሰበሰብ አብሮ የማይሰበሰብ ምኑ ቀበቶ ነው ብሎ ጣለው። ሌላው ሲስበው ተሰነጠቀ። በመጨረሻ ከአንበሳሜ አንድ የትራክተር የውስጥ ጎማ አስመጣ፤ ስትስበው ይለጠጣል፣ ስትለቀው ይመለሳል። በእርሳሱ ፈንታ ድንጋይ አስሮበት ታጠቀና ይንሸራተት እንደሆነ ለማየት ከአልጋው ላይ ራሱን ቁልቁል አንጠለጠለ። ጎረቤት አበደ ይልሃል ስለው፣ “ዝም በይ፣ አሁን ባሕር ውስጥ ነኝ” አለኝ። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ዳሌህ ላይ እሰረው ብሎሃል፤ ሆድህ ላይ ከሆነ ትንፋሽ ይነሳሃል።

ያስቸገረው ማሰሪያው ነው። አባትህ የበቅሎና የአህያ መጫኛ ሲሠራ “ይማም ያሰረው አይፈታም” እየተባለ የኖረ ሰው ነው። አንተ ደግሞ ጭንቅ ሲመጣ በአንድ እጅ ተስቦ የሚፈታ አልኸው። ሲሠራው፣ ሲያፈርሰው ሰነበተ።

“ዘይነብ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የማይፈታ ሳስር ኖሬ፣ ለገዛ ልጄ የሚፈታ ልጣ?” አለኝ።

ባለፈው ወር አንድ ሐሙስ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ድንጋዩን እንደታጠቀ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ጨረስሁት አለኝ። ከዚያ ደረቱን ይዞ በጎኑ ወደቀ።

ልጄ፣ አባትህ ሞቷል። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ሐኪሙ የቆየ የልብ ሕመም ነው አለ፤ ለእኔም ደብቆኝ ነበር። በቀበቶው አታሳብብ፣ በራስህም። ዘመዶች መርዶ በስልክ አይነገርም ብለው ስለከለከሉኝ፣ በደወልህ ቁጥር መስጊድ ሄዷል ስልህ ከረምሁ። አጎትህ ኸድር አሚን አገሩ እስኪገባ ይደበቅ ባይ ነው። እኔ ግን ይህን ታጥቀህ፣ እወጣና አባቴን አመሰግነዋለሁ እያልህ ስትጠልቅ ታየኝና አልቻልሁም።

ና አልልህም። ሱቁን ጠዋት ጠዋት ከፍቼ እጠርገዋለሁ፤ ቢላዋውም ወስፌውም እንደተሰቀሉ ናቸው። አላህ የአባትህን ቀብር ኑር ያድርግለት፣ አንተንም ከጥልቁ በሰላም ያውጣልኝ። አልቅስ። ሳይወጣልህ ግን ውኃ አትግባ።

ስለ ማሰሪያው አትጠራጠር። ሲወድቅ ሮጬ ጫፉን ሳብሁት፤ በአንድ ጊዜ ተፈታ።

እናትህ ዘይነብ