አባባን ከአውቶቡሳቸው ያወረደው አካውንትህ

«የአካውንቱ ባለቤት ይህን ጌም በሌላ መሣሪያ ላይ ስለከፈተ ጨዋታው እዚህ ይዘጋል።»

ወንድሜ፣ ይህን እኔ አልጻፍኩትም። ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሳሎናችን ባለው ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ ቃል በቃል የገለበጥኩት ነው። የአካውንቱ ባለቤት የተባልከው አንተ ነህ።

ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ያ ወገብህ እንዴት ሆነ? ባለቤትህና ልጆቻችንስ ደህና ናቸው ወይ? ብናደድም ሰላምታ አልነፍግህም። እኔና ባለቤቴ ለክፉ የሚሰጥ ነገር የለብንም። የአባባ ጤና ግን የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ ነውና ቁጭ ብለህ አንብበው።

ስትሮኩ ቀኝ እጃቸውን ጨብጦ ሲያስቀረው ፊዚዮቴራፒስቷ «ጣቶቻቸውን የሚያሠራ ነገር ፈልጉ» ብላን ነበር። የላስቲክ ኳስ ሰጠናቸው፤ «እኔ ሕፃን ነኝ?» ብለው ወረወሩት። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው ኳስ እንደማይጨብጥ ገባኝና የአውቶቡስ መንዳት ጌም በዲስክ ገዝቼ አመጣሁ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው! ዲስኩን ራሳቸው ከማቀፊያው አውጥተው ይከታሉ፣ ጆይስቲኩን ጭናቸው ላይ ያመቻቻሉ፣ መስታወት ያያሉ፣ ይነሳሉ። ፌርማታ ላይ አሮጊቷ ተሳፋሪ እስክትቀመጥ ስለሚጠብቁ ጌሙ «ዘገዩ» ብሎ ነጥብ ይቀንስባቸዋል። «ይቀንሳ! ሴትዮዋ ትውደቅልህ?» ይሉታል።

አንተ ባለፈው ክረምት መጣህ። «ጋሼ፣ ዲስክ እኮ ጊዜው አልፎበታል፤ ይጫጫራል፣ ይጠፋል። ዲጂታሉን ገዝቼላችኋለሁ፣ ዕድሜ ልክ የእናንተ ነው» አልከኝ። አመሰገንኩህ፤ አሁን ምስጋናዬን መልስልኝ። ያኔ ያልነገርከኝ፣ ጌሙን የገዛኸው በራስህ አካውንት መሆኑን ነው። ዲስኩንም ሳትጠይቀኝ ፌርማታው አጠገብ ያገለገለ ጌም ለሚሸጠው፣ ሰፈሩ «ዲስኮ» ለሚለው ሰውዬ ሰጥተህ በአንድ የቻርጀር ገመድ ለወጥከው። ገመዱ በሦስተኛው ሳምንት ተበጠሰ።

እንግዲህ አንተ እዚያ ሶፋህ ላይ ተጋድመህ ጌሙን በከፈትክ ቁጥር አባባ እዚህ ከነተሳፋሪያቸው መንገድ ላይ ይቀራሉ። ቅዳሜ የሆነውን ልንገርህ። በሰባት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ የቀኝ እጃቸው አመልካች ጣት ሳንረዳው ተዘረጋ። በዚያ ጣት የበሩን ቁልፍ እየተጫኑ ስድስት ፌርማታ ሄዱ። ባለቤቴ ከኋላ ቆማ ትቆጥራለች። መጨረሻው ፌርማታ ደርሰው፣ ቆመው፣ ጣታቸው ወደ ቁልፉ ሲሄድ ስክሪኑ ጠቆረና ያ ጽሑፍ መጣ። አባባ ዞር ብለው አዩኝ። «ተሳፋሪዎቹስ? በሩን እኮ አልከፈትኩላቸውም» አሉኝ።

ሳላጣራ እንደማልጽፍ ታውቃለህ። ኢንተርኔቱን ነቅዬ ሞከርኩ፤ «ፈቃዱን ማረጋገጥ አልተቻለም» አለኝ። በራሴ አካውንት ልግዛ ብል ኩባንያው ከመስከረም ወዲህ ለአዲስ ገዢ አይሸጠውም። ዲስኮ ዘንድ ሄድኩ። «ጋሼ፣ እሷ ዲስክማ በሁለተኛው ቀን ተሸጠች። ካገኟት ለእኔም ይጠቁሙኝ» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ደግሞ የተበጠሰውን ገመድ በኪሴ ይዤ ቆሜያለሁ።

ሃያ ስድስት ዓመት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሠርቻለሁ፤ ማዋስ ምን እንደሆነ ማንም አያስተምረኝም። የተዋሰ ሰው የመመለሻውን ቀን ያውቃል። ቀኑን ያሳለፈ አንባቢ ላይ ጮኼ አውቃለሁ፤ ገጽ እያነበበ መጽሐፉን ከእጁ መንጭቄ ግን አላውቅም። አንተ «የእናንተ ነው» ያልከን ነገር የመመለሻ ቀን እንኳ የሌለው ውሰት ነው። ያ የተጫጫረ ዲስክ ግን የአባባ ነበር። ከመሳቢያቸው አውጥተው ሲከቱት የማንንም ፈቃድ አይጠይቁም።

ከሁሉ ያንገበገበኝ አባባ አንተን አለመቆጣታቸው ነው። መጀመሪያ ሰሞን ጨዋታው ሲዘጋባቸው «ረዳቴ ገባ! ደህና ነው ማለት ነው» ብለው ደስ ይላቸው ነበር። አዎ፣ ልጅ ሆነህ አውቶቡሳቸው በር ላይ ተንጠልጥለህ ፌርማታ በጠራህበት ስም ነው ዛሬም የሚጠሩህ። «ሥራ ወጥሮኝ ነው» እያልክ አራት ሳምንት ስልክ ሳትደውል ደህንነትህን የምናውቀው በዚያ ጽሑፍ ነበር። ረዳቱ ሹፌሩን የሚያወርድበት አውቶቡስ የት አይተሃል?

ከእሑድ ጀምሮ ጆይስቲኩን አልነካም ብለዋል። «ልጁ ደክሞት ነው የሚገባው፤ መንገድ አልዘጋበትም» ይላሉ። አንተ በምትተኛበት ሰዓት እንዲነዱ ለመንኳቸው። «ዕረፍት ቢሆንስ? ቢነቃስ?» አሉኝ። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ልጃቸውን ላለማስቸገር ጣታቸውን ይገብራሉ። ማክሰኞ ፊዚዮቴራፒስቷ መጥታ ስትለካው ጣቱ እንደገና መታጠፍ ጀምሯል። በሁለት ወር ውስጥ ካልጸና እንደታጠፈ ይቀራል አለች።

ስለዚህ ስልክ እንዳትደውል። ከደወልክ ትስቃለህ፣ አባባም «ምንም አይደል» ይሉሃል፣ ነገሩ በዚያው ይቀራል። ያገለገለ ጌም የሚሸጡትን ሱቆች አንድ በአንድ ዙርና ዲስኩን ፈልገህ፣ የሚነበብ መሆኑን በዓይንህ አይተህ በፖስታ ላክ። እስኪደርስ ያንን ጌም አትክፈት።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ በዚህ ነገር እጇ እንደሌለበት አውቃለሁ። ትልቋን ልጅህን ለፈተናዋ በርቺ በላት። ትንሿን ሳምልኝ፤ የላከችው ሥዕል አባባ አልጋ ራስጌ ተሰቅሏል። ባለቤቴ ሰላም ብላሃለች፣ እሷም ተቀይማሃለች። አባባ ደግሞ እንዲህ ብለህ ጻፍ ብለው አዘዙኝ፦ «ረዳቴን ሰላም በልልኝ፤ ለእኔ ብሎ ጨዋታውን እንዳይተው።» ታዝዤ ጻፍኩ። አንተ ግን ትተዋለህ።

ዲስኩን መቼ እንደላክህ እስከ ታኅሣሥ ፳ ቀን ድረስ በእጅህ ጽፈህ አሳውቀኝ። በስልክ መልእክት አልቀበልም። ወረቀቱን አባባ መሳቢያቸው ውስጥ ያስቀምጡታል፤ እሱን እንኳ ማንም ከሩቅ ሆኖ አይዘጋባቸውም።

ታላቅ ወንድምህ
ከአባባ ቤት፣ ኅዳር ፲፬ ቀን