ለቀበሮው ሊቅ፦ ስለ ታምሬ መንጋጋና ስለ እርስዎ ግራ እጅ

ኅዳር 21 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ክንፈ
የካምቦ ስድስት የሠራተኞች ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ የማኅተሙ ጠባቂ፣ የጠመንጃው ባለአደራ
ለሕክምና ባረፉበት
ገዳሪፍ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እንቅልፍዎ፣ ምግብዎ፣ በተለይም ውሻዎ የነከሰዎት ግራ እጅዎ እንዴት ከረሙ? ውኃ ሲቀርብልዎ ያለ ችግር ይጠጣሉ? ነፋስ ፊትዎን ሲነካው አይደነግጡም? እንዲህ ማጥበቄ ከፍቅር የመጣ ነው፤ በዚህ በፋሽጋ የሰሊጥ ማሳ ውስጥ ከእርስዎ ጤና የሚበልጥ ጉዳይ እንደሌለ ራስዎ በየስብሰባው አስረድተውናልና። እኛ ከአንድ ሰው በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

የምጽፍልዎ ስለዚያ አንድ ሰው፣ ስለ ታምሬ ነው። እኔ እንዳለው ነኝ፤ ዳዊት የደገምኩና ጽሕፈቴም የሚነበብ ስለሆነ ከአጨዳው ቀንሰው ጸሐፊ ያደረጉኝ፣ ማስታወቂያዎን የጻፍኩት፣ ቅጾችዎንም የምሞላው። ስለዚህ ከዚህ በታች የማቀርበው ምስጋና ግማሹ ለገዛ እጄ ይድረሳት።

ደብዳቤው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስለሚለጠፍ፣ ለእንግዳ አንባቢ ሲባል ጥቂት ላስረዳ። ካምቦ ስድስት ሱዳኖች ካምቦ ከሚሏቸው የሠራተኛ ሰፈሮች አንዱ ነው፤ ከጭልጋና ከመተማ ቆላ ለአጨዳ የወረድን መቶ ሃያ ያህል ሰዎች እንኖርበታለን። የያዝነው ወረቀት ከእርሻው አጥር አያልፍም። የአትባራን ወንዝ ተሻግሮ ገዳሪፍ መሄድ የፈለገ ሰው የኮሚቴው ማኅተም ያረፈበት ቅጽ ያስፈልገዋል፤ ያለዚያ ጀልባው ዘንድ ፖሊሶቹ ከሻ በሚሉት አፈሳ ተይዞ ወደ ድንበር ይጣላል። ማኅተሙ ደግሞ ከእርስዎ ኪስ ወጥቶ አያድርም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

፩ኛ. ስለ መመሪያው አመሰግናለሁ። በመስከረም አጋማሽ ከጎጆዎቻችን ጀርባ አውሬ መመላለስ ጀመረ፤ የታምሬን ሚስት የበላይነሽን ዶሮዎች ፈጀ፣ ሁለት አጫጆችም ተኩላ ነው ብለው ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ሰሊጥ እንደ ማሽላ ቆሞ አይጠብቅም፤ በቀኑ ካልታጨደ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ሌላ ሰው ቢሆን ጠመንጃውን አውጥቶ አውሬውን ያሳድድ ነበር። እርስዎ ግን ወረቀት አምጣ አሉኝ። «ትልቅ ቀበሮን ከተኩላ የመለያ መመሪያ» የሚለውን ባለ ስድስት ነጥብ ጽሑፍ ያን ዕለት እንደነገሩኝ ጻፍኩ፦ የጆሮው ቁመት፣ የአፍንጫው ስፋት፣ የጅራቱ ጫፍ ቀለም፣ የዱካው ልክ በማጭድ እጀታ፣ የጩኸቱ ርዝመት፣ ብቻውን መሄዱ ወይም በመንጋ መሄዱ። ስድስቱም ከተሟሉ እንስሳው ተኩላ ነው፤ ጠመንጃው ይወጣል፣ የተነከሰ ሰውም በትራክተር እስከ ጀልባው ደርሶ ይሻገራል። አንዱ ከጎደለ ቀበሮ ነውና ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል። ከዚያ ቀን ወዲህ በካምቦ ስድስት አንድም ተኩላ ታይቶ አያውቅም። ጠመንጃ ሳይተኮስ የተኩላን ዘር ማጥፋት ቀላል ሥራ አይደለም።

፪ኛ. ስለ እውቀትዎም አመሰግናለሁ። በአገር ቤት የእንስሳት ሐኪም ረዳት እንደነበሩ ሲነግሩን አምነን ነበር። ዘግይተን እንደሰማነው ግን ጎንደር ውስጥ የሠሩት በአንድ ቆዳ ነጋዴ ግቢ ሚዛን በመያዝ ነው። ስለዚህ ከእንስሳ ጋር ያለዎት ትውውቅ እንስሳው ከተገፈፈ በኋላ የሚጀምር መሆኑን ለመረዳት ችለናል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ቁርበቱን ያነጠፍንልዎ እኛው ነንና በዚህ አንወቅስዎትም።

፫ኛ. መስከረም 28 ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ በወጣችበትና ሠላሳ ማጭድ በሚንቀሳቀስበት ሰዓት አንድ እንስሳ ማሳውን አቋርጦ መጣ። ሰው አልፈራም። የኋላ እግሩን ይጎትት ነበር፣ ከአፉም ለሃጭ ይወርድ ነበር። ታምሬ ሂላው ሥር፣ ማለት የሰሊጡ ነዶ ከሚቆለልበት ክምር አጠገብ፣ ጎንበስ ብሎ ነዶ ሲያስር መንጋጋው ላይ ተሰቀለበት። በማጭድ ጀርባ ደብድበን አስለቀቅነው። ሸሽቶ በደጅዎ ሲያልፍ አንበሳ የሚሉት ውሻዎ ተናነቀውና አባረረው።

በዚህ ጊዜ ያሳዩት ትጋት አይረሳኝም። ታምሬን ቁስሉ በነጠላ እንደታሰረ ሰሌዳው ፊት አስቀምጠው በነጥብ በነጥብ መረመሩት። የጅራቱ ጫፍ ጥቁር ነበር ወይ ብለው ሲጠይቁት፣ ዓይኔ ጥርሱ ላይ ነበር ሲል መለሰ። መልሱን ከቅጹ ጋር የማይሄድ ነው ብለው አሰረዙኝ። የንክሻውን ስፋት በሰሊጥ አገዳ ለኩ። አንድ የቤት ውሻ ያባረረው እንስሳ ተኩላ ሊሆን አይችልም ብለውም ፈረዱ። ከስድስቱ ነጥብ ሁለቱ ብቻ ተሟሉ። እንስሳው ታሞ ነበር ወይ የሚል ሰባተኛ ነጥብ አልነበረም፤ እኔም ጸሐፊ ነበርኩና አልጨመርኩም።

ራሒማ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ገላባት ተወልዳ ያደገች ባለሱቃችን ናት፤ የእብድ ውሻ በሽታን በልጅነቷ በጎረቤት አይታዋለች። «ወላሂ፣ አቶ ክንፈ፣ የእንስሳውን ነገር ተዉትና ሰውዬውን ዛሬውኑ ለሐኪም አድርሱት። ያበደ ከሆነ ቀበሮውም ተኩላውም አንድ ነው» አለች። እርስዎም በታላቅ ትዕግሥት፣ ስኳር ሻጭ ስለ ስኳር ትናገር አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ቀበሮ ብለህ ጻፍ» አሉኝ። ጻፍኩ። ጽሕፈቴ ያን ቀን እንኳ አልተበላሸም።

፬ኛ. ይህኛው ምስጋና ከሁሉ ይከብደኛል። በእኛ አገር ልማድ ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው ሥር ተወቅጦ ይጠጣል፣ አርባ ቀንም ወንዝ አይሻገርም፤ ከተሻገረ በሽታው ይነሳበታል ይባላል። እርስዎ ይህን ዓይነቱን ነገር ሁሉ የአገር ቤት ተረት ነው ሲሉ የኖሩ ሰው ነዎት። በመድኃኔ ዓለም ዕለት አናጭድም ያልን ጊዜ ስለ ሥልጣኔ አንድ ሰዓት ሙሉ አስተምረውናል። የዚያን ቀን ግን ታምሬ ለማንኛውም ልሻገር ብሎ ሲለምንዎ የአባቶቻችን ልማድ ድንገት ትዝ አለዎት። አትባራን ብትሻገር ባህሉን አፍርሰህ ራስህን ትገድላለህ፣ አርባ ቀን እዚሁ እየሠራህ ቆይ አሉት።

እኛም አመንን። እርስዎ ስላሉን ብቻ አይደለም፤ እናቶቻችንም እንዲሁ ስላሉን ነው። ሥሩን የቆፈርኩት እኔ ነኝ፣ የወቀጠችው ሚስቱ በላይነሽ ናት። ራሒማ ተሻገሩ እያለች በየማለዳው ስትመጣ እንደ ሟርተኛ ቆጥረን ፊታችንን አዞርንባት። እርስዎ የፈለጉት አንድ አጫጅ እንዳይጎድልብዎ ነበር፣ እኛ ወንድማችንን ማዳን ነበር፤ ሁለታችንም ያደረግነው ግን አንድ ሥራ ነው። ይህን ሳስብ የምጠላው እርስዎን ብቻ አለመሆኑ ያናድደኛል።

ታምሬም አጨደ። ቁስሉ ሲሽር ለስብሰባው ሁሉ አሳዩት፤ የቀበሮ ንክሻ ይኸው ነው ብለው አሳቁበት። እሱም ሳቀ።

፭ኛ. በሠላሳኛው ቀን መንጋጋው ይነዝረው ጀመር። በማግስቱ ውኃ አልወርድ አለው፤ ጣሳው ሲቀርብ ጉሮሮው ይታነቃል፣ የበሩ ነፋስ ሲነካው ይዘላል። አራት ሆነን ያዝነው። በመካከል ልቡ ሲመለስለት የሚያውቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «እንዳለው፣ ወረቀቴ አለቀልኝ?» እርስዎ መጥተው ደጃፉ ላይ ቆሙ፣ አንድ እርምጃም ሳይገቡ ወባ ነው አሉ። ማኅተሙንም የዚያኑ ቀን አመሻሽ በመሻገሪያ ቅጹ ላይ አሳረፉ። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ የጠራ ማኅተም አይቼ አላውቅም። ሲነጋ ቅጹን ከሬሳው ጋር ቀበርነው።

የሞቱ መዝገብ ላይ ወባ ብለው ስላጻፉኝም ምስጋናዬ ይድረስዎ። ተኩላው ቀበሮ ሆነ፣ ቀበሮው ትንኝ ሆነ። አጨዳው አንድ ወር ቢረዝም ኖሮ ታምሬ በገዛ ፈቃዱ ነው የሞተው በተባለ ነበር።

፮ኛ. የመጨረሻው ምስጋና የበላይነሽ ነው። ባሏ ሲታነቅ አፉን በእጇ ስትጠርግ ነበር፤ እጇ ደግሞ ከነዶ ማሰር የተሰነጣጠቀ ነው፣ ለሃጩ በቁስሏ ገብቷል። ራሒማ ይህንን አይታ ሳትውል ሳታድር መርፌ መወጋት አለባት አለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን በዚህኛው ጊዜ ሁላችንም ሰማናት። ኅዳር 1 ቀን በላይነሽን ይዤ መጣሁ። ቅጹን ዘርግተው «የነከሰው እንስሳ ዓይነት» የሚለው መስመር ላይ ጣትዎን አሳረፉና ምን ብለን እንሙላው አሉ። ያኔ፣ ባሏን በቀበረች በሁለተኛው ቀን፣ እንዲህ አሏት፦ «ባልሽ እንስሳ ነው ብለን እንጻፍልሽ?»

እሷ አላለቀሰችም። ይህ መስመር ባዶውን መቅረት አይችልም ወይ ብላ ብቻ ጠየቀችዎ። እርስዎም ባዶ መስመር ያለበት ቅጽ ማኅተም አያርፍበትም ብለው ሸኟት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው አንድ ጣሳ ውኃ ፊቷ አስቀምጣ፣ ዛሬም እችል እንደሆነ ልየው ትልና በቀስታ ትጠጣለች። እኔም ከጎኗ ተቀምጬ ጉሮሮዋን አያለሁ።

ክቡር ሆይ፣ እንግዲህ ብዙ አላደክምዎ። ሥራ እንዳለብዎ፣ ቀሪ መርፌም እንዳለብዎ አውቃለሁ። እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ያደረጉትን አንድ በአንድ ለማስታወስ የሚበቃ ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ። በየሄዱበት ውኃ ይቅረብልዎ፣ በጠጡ ቁጥርም ታምሬ ትዝ ይበልዎ።

የመመሪያዎ ጸሐፊ፣ የቅጽዎ አገልጋይ፣ የታምሬ የማጭድ ጓደኛና የገዳዮቹ ተባባሪ፣

እንዳለው
ካምቦ ስድስት፣ ፋሽጋ

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ያን እንስሳ ያባረረው ውሻዎ አንበሳ ኅዳር 14 ቀን ለሃጩን እያዝረበረበ ግራ እጅዎን ሲነክስዎ ጅራቱን አልመረመሩም፣ ንክሻውንም በአገዳ አልለኩም፣ አርባ ቀኑንም አልጠበቁም፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ በእርሻው መኪና ጀልባው ዘንድ ደርሰው ተሻገሩ። አብራዎ የተሻገረችው ራሒማ መርፌው ገዳሪፍ እንዳለ፣ በመስከረምም እንደነበረ ከሐኪሙ አፍ ሰምታ መጥታለች። እርስዎ በጥድፊያ ማኅተሙን ጠረጴዛው ላይ ረስተውት ኖሯል፣ ያገኘሁት ትናንት ነው፤ አጠገቡም በራስዎ እጅ የሞሉት የቅጽዎ ቀሪ ነበር። «የነከሰው እንስሳ ዓይነት» በሚለው ፊት፣ ስድስት ዓመት ከእጅዎ ያበሉትን ውሻ፣ «አልታወቀም» ብለውታል። እንዲህ ተብሎ መጻፍ እንደሚቻል አናውቅም ነበር። ለበላይነሽ ይህንኑ ቃልዎን ጽፌ በማኅተምዎ መታሁላት፤ ዛሬ ጠዋት ተሻግራለችና እዚያው ተራ ስትጠብቅ ቢያገኟት ቦታ ይልቀቁላት። የታምሬን ቅጽ ሌላ ግልባጭ ደግሞ ትናንት አውጥቼ አየሁት። «ቀበሮ» ብዬ ከጻፍኩበት ቀጥሎ፣ መስመሩ ላይ፣ ለዚያች ቃልዎ፣ ለ«አልታወቀም»፣ የሚበቃ ቦታ ነበር።